በወተት ዕቃ አንገት ላይ የለጠፍኩት ታግ

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ስልኬ የሚጮኸው ለአንድ ጥያቄ ብቻ ሆኗል። «ጋሽ ታደሰ፣ ፋብሪካችን ታግና ሪደር ሊገዛ ነው፤ የትኛው ይሻላል?» ይሉኛል። የሥጋም የወተትም የጁስም ፋብሪካ ልጆች ይደውላሉ። ልጆች ስል ባለ ዲግሪ መሐንዲሶች ማለቴ ነው፤ ለእኔ ግን ልጆች ናቸው። የሚፈልጉት የአንድ ዕቃ ስም ነግሬያቸው ስልኩን እንዲዘጉ ነው። እኔ ደግሞ በአጭሩ የምመልስ ሰው አይደለሁም። «መጀመሪያ ዕቃችሁን የሚያጥበው ማን ነው?» ስላቸው ዋጋውን ይነግሩኛል። አንዱማ «እሱን ከግዢ በኋላ እናጣራለን» አለኝ። ስልኩን ጆሮው ላይ ልዘጋበት ምንም አልቀረኝም።

ለማያውቅ ሰው ልንገር። ታግ የምንላት የጥፍር ያህል ቺፕ ያለባት ትንሽ መለያ ናት። ባትሪ የላትም። ሪደሩ በአንቴናው የሬዲዮ ሞገድ ሲልክባት ትነቃና ቁጥሯን ትመልሳለች፤ ከዚያ ተመልሳ ትተኛለች። ሥጋው ከየትኛው መንጋ፣ ወተቱ ከማን እጅ እንደመጣ የሚታወቀው በእሷ ነው። አንድ ዕቃ ወተት ቢበላሽ የሁሉንም ከመድፋት የዚያችን ብቻ ለይቶ ማውጣት ይቻላል። ልፋቱ ሁሉ ለዚህች ነው።

የተወለድኩት አዋሽ፣ ባቡር ጣቢያው ሰፈር ነው። አባቴ የጣቢያው ሠራተኛ ነበር። እኔ ያደግሁት የሰፈሩን ሬዲዮ ሁሉ ስፈታ፣ ግማሹን ስገጥም፣ ግማሹን መግጠም አቅቶኝ ከባለቤቱ ስሰወር ነው። ትምህርቴን ስጨርስ ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ የፍየል ሥጋ ፋብሪካ በኤሌክትሪክ ጥገና ተቀጠርኩ። ጋሽ ሙሄን ያገኘሁት እዚያ ነው።

ጋሽ ሙሄ የወሎ ሰው ነው። ቤተሰቦቹ አዋሽ ውስጥ ሱቅ ነበራቸው፤ እሱ ግን ከሱቅ ይልቅ ፋብሪካ መረጠና የጥራት ክፍል ኃላፊ ሆነ። ወንበር ነበረው፣ ሲቀመጥበት ግን አይቼ አላውቅም። ጠዋት ገብቶ መጀመሪያ ሰላም የሚለው ሥራ አስኪያጁን አልነበረም፤ የወለል አጣቢዎቹን ነው። «ትናንት ምን አስቸገራችሁ?» ይላል። የሚነግሩትን በእርሳስ ይጽፋል። እስክሪብቶ አይወድም፤ ደብተሩ ውሃ ሲነካው ቀለሙ ይፈሳል። እርሳስ ግን ደም ቢነካው፣ ውሃ ቢነካው ንቅንቅ አይልም። ይሄን እንኳ ያሰበ ሰው ነው። ስቆጣ «አብሽር ታዴ፣ አብሽር» ብሎ ትከሻዬን ይመታኛል፤ ቁጣዬም እዚያው ይሟሟል። እንደሱ ያለ ሰው ሁለተኛ አላየሁም፣ ካሁን በኋላም የማይ አይመስለኝም።

ያኔ ሥጋው ላይ የምንለጥፈው ባርኮድ ነበር። እንፋሎትና ደም ባለበት ቤት ወረቀት ምን ዕድሜ አለው? በሁለተኛው ቀን ይላጣል። ሥራ አስኪያጃችን ወደ ታግ እንሂድ አለ። እሱ የሚያብረቀርቅ ካታሎግ ካየ እጁ ለፊርማ የሚቸኩል ሰው ነበር። ሦስት ፕሮፎርማ ተሰበሰበና አንዱ ሻጭ በአዋሽ ሙቀት ክራቫቱን አንቆ ከአዲስ አበባ መጣ። ታጉን ጠረጴዛ ላይ አደረገ፣ ሪደሩን ይዞ እስከ በሩ ሄደ። ጢጥ! አነበበ። ሁላችንም አጨበጨብን፤ እኔ ከሁሉ አብልጬ።

ጋሽ ሙሄ ብድግ ብሎ ወጣ። ፌስታል ሙሉ ውሃ ይዞ ተመለሰና በሪደሩና በታጉ መካከል አንጠልጥሎ ቆመ። ሪደሩ ጭጭ አለ።

«ፍየል ማለት ውሃ ነው፣ የኔ ጌታ» አለው ሻጩን። «ይሄ አንድ ፍየል ነው። እኛ ስንቱን ደርድረን እንደምንሰቅል ግባና እይ።»

ሰውየው ላቡን ጠረገ። እኔም ውስጤ ሳቅ አፍኖኝ ነበር። ከዚያ በኋላ ጋሽ ሙሄ ከሦስቱም ሻጮች ናሙና ተቀበለና ለሻጮቹ መሐንዲስም ለእኔም አልሰጠም። ለጥሩወርቅ ሰጣት። ጥሩወርቅ የሥጋ መስቀያ ሜንጦዎቹን በግፊት ውሃ የምታጥብ ጉልበተኛ ሴት ነበረች። «እንዳትራሪላቸው» አላት። በሳምንቱ ሽርጧ ኪስ ውስጥ አድርጋ አመጣቻቸውና ጠረጴዛው ላይ አንድ በአንድ ደረደረች። «ይሄ ሞተ። ይሄም ሞተ። ይሄኛው ገና ሳልነካው ሞተ። ይቺ ግን ጉድ ናት!» አለች። የገዛነው ያቺን ጉደኛዋን ነው።

ገዝተንም አላለቀም። ብረት ሞገዱን መልሶ ይተፋዋል፤ ታጓን ሜንጦው ላይ ልጥፍ ካደረጋችኋት ትደነቁራለች። ከስሯ ወፈር ያለ ጎማ አደረግን። አንቴናውን ከጎን አንስተን ከላይ አዘንብለን ሰቀልነው፤ ሞገዱ በሥጋው መሃል ሳይሆን ከሥጋው በላይ እንዲያልፍ። ለዚች ማዘንበል ብቻ ጋሽ ሙሄ መሰላል ላይ ስንት ቀን እንደዋለ እኔ አውቃለሁ። መሰላሉን የያዝኩት እኔ ነበርኩና። ስንጨርስ ከሁለት መቶ ሜንጦ አንድም ሳይነበብ አላለፈም። ጋሽ ሙሄ «አልሐምዱሊላህ» አለና መሰላሉን አጥፎ ወደ አጣቢዎቹ ሄደ። ጭብጨባ እንኳ አልጠበቀም።

ዓመታት አለፉ። ሰመራ ላይ የግመል ወተት ማቀነባበሪያ ሲከፈት ጋሽ ሙሄ ቀድሞ ሄደና ደወለልኝ። «ና ታዴ፤ ሰው ያስፈልገኛል።» የበረሃ አበሉም መጥፎ አልነበረም። ሚስቴ ግን «ከአዋሽ የባሰ ሙቀት ፍለጋ ነው የምትሄደው?» ብላ ስቃብኛለች። እውነቷን ነበር። በሰመራ እኩለ ቀን የሪደሩን ሽፋን በባዶ እጅ መንካት አይቻልም። ግን እሱ ጠርቶኝ የምቀርበት ምክንያት አልነበረኝም።

ወተቱ የሚሰበሰበው ሰርዶ ላይ፣ የጅቡቲ መኪኖች ከሚያልፉበት መንገድ ዳር ባቆምነው መጠለያ ነው። ሚዛን አለ፣ ከሚዛኑ በላይ አንቴና አለ፣ ወተቱን ተቀብሎ ውሃ እንዳለው እንደሌለው በመለኪያ የሚያይ አንድ ተረካቢ አለ። ለእያንዳንዷ ሴት አንድ አንድ የአልሙኒየም የወተት ዕቃ ሰጥተናል። ወተቱ ከተገለበጠ በኋላ ዕቃው ፋብሪካ ገብቶ ታጥቦ ማታውን ይመለስላቸዋል። ለዚህ ዕቃ የሚሆን ታግ የመምረጡ ሥራ ለእኔ ተሰጠ። ጋሽ ሙሄ በዚያው ወር ለሐጅ ወደ መካ ሄደ። ሲሰናበተኝ «ታዴ፣ ቸኩለህ አትምረጥ» አለኝ። «አንተ ለእኔ ዱዓ አድርግልኝ እንጂ ታጉን ለእኔ ተወው» አልኩት። አይ እኔ!

አልቸኮልኩም፤ እውነቱን ልናገር። ታጎቹን ኮስቲክ ሶዳ ውስጥ ዘፈዘፍኳቸው። በፈላ ውሃ ቀቀልኳቸው፣ በረዶ ቤት አሳደርኳቸው፣ ከጣሪያ ላይ ወረወርኳቸው። አንዱ ዓይነት ሁሉንም ቻለ። እሱን ገዛሁና እንደ ሜንጦው ከስሩ ጎማ አድርጌ በየዕቃው አንገት ላይ አጣበቅሁ። ሰርዶ ሄጄም ሴቶቹን ሰብስቤ «ይቺን ነገር እንደ ዓይናችሁ ብሌን ጠብቋት» ብዬ ንግግር አደረግሁ። ዕቃ ሲያስቀምጡ እንዳይጉላሉም የአንቴናውን ኃይል ከፍ አደረግሁላቸው። የራሴን ጎበዝነት እያደነቅሁ ነው ወደ ሰመራ የተመለስኩት።

የፋብሪካው ደንብ ወተቷ ላይ ሦስት ጊዜ ውሃ የተገኘባት ሴት ትታገዳለች፣ ስሟም መጠለያው ላይ ይለጠፋል የሚል ነበር። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ የአንዲት ሴት ስም ሦስት ጊዜ ወጣ። አስያ ትባላለች። ባሏ የሞተባት፣ ሁለት የሚታለቡ ግመሎች ያሏት፣ የቤቷ ዱቄትና ዘይት ሁሉ ከዚያች ወተት የሚወጣ ሴት ናት። የእገዳውን ደብዳቤ ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ። ስሟን ሰርዶ ድረስ ሄጄ የለጠፍኩትም እኔው ነኝ፤ የሥርዓቱን አሠራር ለማሳየት ብዬ።

በማግስቱ ፋብሪካው በር ላይ መጣች። ወተቷን ይዛ፣ በዚያ ፀሐይ፣ በጭነት መኪና ተሳፍራ። ድሮ ሰርዶ ላይ ለሹፌሮች ሻይ ትሸጥ ስለነበር አማርኛዋ አይቸግራትም፤ ለማንም ሰው ግን አንተ ነው የምትለው።

«ግመሌን የማልበው እኔ ነኝ። ውሃውን ማን ጨመረ?» አለችኝ።

«እህቴ፣ እኔ ምን ላድርግ? መሣሪያው ነው ያለው። መሣሪያ ደግሞ አይዋሽም።»

ትክ ብላ አየችኝ። «እኔስ እዋሻለሁ?»

ፊቴን አዙሬ ወደ ውስጥ ገባሁ። ዘበኛው በሩን ዘጋ። ከዚያ በኋላ ወተቷን በመንገዱ ዳር ይዛ ስትቆም ሹፌሮቹም እንቢ እንዳሏት ሰማሁ፤ ወሬው ደርሷቸዋል። ወተት ላይ ውሃ የጨመረች መባል እዚያ አገር ቀላል ስድብ አይደለም። እኔ ግን ያን ሳምንት ደህና አድርጌ በልቼ ተኝቻለሁ፤ ይሄን ስጽፍ አፍራለሁ።

ጋሽ ሙሄ ከሐጅ ተመለሰ። ሰው ሁሉ ሊዘይረው ቤቱ ሄደ፤ ተምርና ዘምዘም ቀመስን። እኔ ከወጣሁ በኋላ አስያም ሄዳ ኖሯል። በማግስቱ ጠዋት ነጭ ጀለቢያውን እንደለበሰ ቢሮዬ ገባ። ሰላምታውን እንኳ አላስጨረሰኝም።

«አስያ ስንት ዕቃ ሰጥተናታል?»

«አንድ።»

«በቀን ስንት ጊዜ ትነበባለች?»

«አንዳንድ ቀን ሁለቴ። እሱ ድግግሞሽ ነው ጋሽ ሙሄ፤ ሪደር አንዷን ታግ ደጋግሞ ማንበብ ልማዱ ነው። ኮምፒውተሩ የመጀመሪያውን ይዞ ሁለተኛውን እንዲሰርዝ አዝዤዋለሁ።»

«የሰረዝከውን አሳየኝ።»

የተሰረዘውን ዝርዝር ከፈትኩ። እርሳሱን አወጣና ስክሪኑ ላይ እያመለከተ ወረደ። ውሃ በተገኘባቸው ሦስት ቀናት ሁሉ አስያ ሁለቴ ተነብባለች። የመጀመሪያው ወተት ውሃ አለው። ሁለተኛው፣ እኔ የሰረዝኩት፣ ጠብታ ውሃ የሌለበት ወተት ነው።

«ድግግሞሽ ከሆነ ወተቱም አንድ መሆን አልነበረበትም?» አለኝ በቀስታ።

«ታዲያ የመጀመሪያው ወተት የማን ነው?» አልኩት። «እሱን እዚህ ተቀምጠን አናገኘውም፤ ተነስ» አለኝ።

ማለዳ፣ ግመል በሚታለብበት ሰዓት፣ ከሰርዶ ገባ ብሎ አስያና ጎረቤቶቿ ከሰፈሩበት ደረስን። መጀመሪያ ያየሁት ጭስ ነው። ሴቶቹ ፋብሪካው አጥቦ የሰጣቸውን ዕቃ በሚጨስ እንጨት ላይ አፉን ደፍተው እያጠኑት ነበር። ያልታጠነ ዕቃ ውስጥ የሚታለብ ወተት ለእነሱ ወተት አይደለም፤ እኛ በሶዳ ብናጥበው፣ በፈላ ውሃ ብናጥበው ግድ አይሰጣቸውም። ይሄን አፋር አገር የኖረ ሰው ሁሉ ያውቃል። እኔም አውቅ ነበር እኮ! አዋሽ ተወልጄ፣ ያን የታጠነ ወተት ጠጥቼ አድጌ፣ ታጓን በሶዳና በበረዶ ስፈትን ጭሱና ፍሙ ትዝ አላለኝም። ታጓ የተለጠፈችው ደግሞ አንገቱ ላይ ነው፤ ፍሙ አፍንጫ ስር።

የእጅ ሪደሬን ይዤ ከዕቃ ወደ ዕቃ ሄድኩ። ብዙዎቹ ጭጭ። አስያ ዘንድ ደርሼ ልጥፍ አድርጌ ሳስጠጋው ጢጥ አለ። የእሷም ዕቃ ፍም ላይ ተደፍቷል፤ አንገቱ ላይ ግን እርጥብ ጨርቅ ተጠምጥሞበታል።

«ይሄ ጨርቅ ምንድነው?» አልኳት።

«ያንተን ነገር ነዋ። ጠብቁ አላልክም? እሳት እንዳይነካት ነው።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ከዚያ ሁሉ ሴት ቃሌን አክብራ ታጌን የጠበቀችልኝ እሷ ብቻ ነበረች፤ የከሰስኩትም እሷኑ ነው።

ሰርዶ መጠለያው ተመልሰን ጋሽ ሙሄ ታጉ የሞተበት አንድ ባዶ ዕቃ ሚዛኑ ላይ አስቀመጠ። የአስያን ዕቃ ደግሞ ከኋላ፣ ተራ የምትጠብቅ ሴት በምትቆምበት ቦታ አደረገ። ሚዛኑ ላይ ያለችው ታግ ሞታ ስለማትመልስ፣ ኃይሉን የጨመርኩለት አንቴና አልፎ ሄዶ የኋለኛዋን ለቀመ። ስክሪኑ ላይ የአስያ ስም ወጣ። ተረካቢው ደንግጦ አየን፤ በዚያ ፀሐይ ስክሪኑ ስለማይታየው የመለኪያውን ቁጥር ይጫናል እንጂ የማን ስም እንደወጣ አያይም ነበር። ክፍያው ገና በእጅ ደብተር ስለነበር ማንም ወተቴ ጎደለ ብላ አልጮኸችም፤ እኔም ውሃ የተገኘበትን ስም እንጂ የጎደለውን ስም አልቆጠርኩም። ጋሽ ሙሄ አልተቆጣኝም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

የሥራውን ነገር ልጨርስና ወደ አስያ እመለሳለሁ። በኋላ የመረጥነው ታግ እሳት የሚችል የሸክላ ልባስ ያለው ነው፤ ያሰርነውም ከአንገቱ አውርደን ከመቀመጫው ቀለበት ስር ነው፤ ዕቃው ለጭስ ሲደፋ ከፍሙ እንዲርቅ። ናሙናውን እኔ አልፈተንኩም፤ ለአስያና ለጎረቤቶቿ ሰጥቼ ወር ሙሉ አጠኑት። አንቴናውንም ወደ ሚዛኑ ጎን አወረድኩት፤ ኃይሉን ዝቅ አድርጌ ከሚዛኑ ጠርዝ እንዳያልፍ አደረግሁ። ሪደሩን ስመርጥም ሩቅ የሚያነበውን ትቼ፣ ካላነበበ ቀይ መብራት አብርቶ «አላወቅኩም» የሚለውን ገዛሁ። የሚደውሉልኝ ልጆች ይሄን ሲሰሙ ይገረማሉ። የማያውቀውን አላውቅም የሚል መሣሪያ ፈልጉ እላቸዋለሁ፤ ዋጋው ትንሽ ወደድ ይላል፣ ይውደድ።

አሁን ወደ አስያ። የሰመራው ሥራ አስኪያጅ እገዳው በደብዳቤ ተነሥቷል ብለን እንለፈው አለ። ጋሽ ሙሄ «ስሟ የተለጠፈው ሰርዶ ነው፤ ይቅርታውም እዚያው ነው» አለ። በዚያው ሳምንት ሄድን። ሴቶቹ ዕቃቸውን ይዘው ተሰልፈዋል። አስያም መጥታለች፤ ወደ ጎን ቆማለች፣ ሰልፉ ውስጥ አልገባችም። ወረቀቱን በእጄ ቀደድኩት። «አስያ ውሃ አልጨመረችም። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ፤ መሣሪያውን የመረጥኩት፣ ስሟንም የለጠፍኩት እኔ ነኝ። አስያ፣ ይቅር በይኝ» አልኩ። እንባዬ መጣ።

አስያ ዕቃዋን ከፈተችና በክዳኑ ወተት ቀድታ ሰጠችኝ። «ጠጣ» አለች። ሁሉም እያዩኝ ጠጣሁ። «ምንድነው?» አለችኝ። «ወተት ነው» አልኳት። ራሷን ነቀነቀችና ሰልፉ ውስጥ ገባች፤ ሴቶቹ ገለል ብለው ቦታ ሰጧት።

እዚያ ላይ ዝም ብል ምን ነበረበት? የእኔ ነገር ግን ሁሌም እንዲህ ነው። ልቤ ቀለል ሲለኝ ምላሴም ቀለለና «እሺ፣ ታዲያ በእነዚያ ቀናት ከፊትሽ ተሰልፋ የነበረችው ማን ናት?» አልኳት። አስያ በየቀኑ ከማን ኋላ እንደምትቆም የማታውቅ አይመስለኝም ነበር። አንዲትም ሴት ቀና አላለችም።

«አንድ ሰው በሐሰት ከሰስክ» አለችኝ አስያ። «ሁለተኛዋን ደግሞ በእኔ አፍ ልትከስ ነው?»

ጋሽ ሙሄ ክንዴን ይዞ ወደ መኪናው ወሰደኝ። «ሱብሃነላህ» እያለ ነበር፤ ለእኔ አይደለም፣ ለእሷ ነው።

ጡረታ እስክወጣ ድረስ በሰርዶ ሚዛን ላይ ውሃ ያለው ወተት አልመጣም። ማን እንደነበረች እስከ ዛሬ አላውቅም። አስያ ታውቃለች።